ለጥቁር አፈር ግቢ ምን ልትከል ላሉን እህታችን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ አዲስ የገቡበት ቤት ፊት ለፊት 4 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ባዶ መሬት አለ፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ትንንሽ ልጆች አሉ፣ የሚያምርና አጥሩን የማይሰነጥቅ ምን ልትከል ነው ያሉት። እኔም በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳር በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ስተክልና ስነቅል 14 ዓመት ሆኖኛልና ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ብዙዎች የአበባ ስም ጽፈውልዎታል። እኔ ከአፈሩ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ ያከሰረኝ እሱ ነው። ዋልካ የምንለው ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ይዞ ይተኛል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በመጀመሪያው ዓመት እንደተመከርኩት 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ቀይ አፈርና ፍግ ሞልቼ አንድ አቮካዶ ተከልኩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ በየቀኑ እየወረደ ቅጠሉ ጠውልጎ ተንጠለጠለ። ነሐሴ ላይ ግንዱን ይዤ ብስበው ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ ወጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አቁሯል፤ ሥሩ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነካ ልጡ ይገሸለጣል፣ ሽታው የረግረግ ነው። ለካ በዋልካ መሃል ለስላሳ አፈር የሞላሁት ጉድጓድ እንደ ባልዲ ሆኖ የዙሪያውን ውሃ እየሰበሰበ ችግኙን አስጥሞታል።

ስለዚህ ወደ ታች አይቆፍሩ፤ ወደ ላይ ያንሱ። መደቡን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሥሩት፤ ጥቁሩን አፈር ራሱን ከቀይ አፈርና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ያደባልቁት፤ በጠርዙ ውሃ መውረጃ ቦይ ይተዉ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። ይህን ካደረግሁ ወዲህ የሞተብኝ ተክል ጥቂት ነው።

ወደ ተክሎቹ ስመጣ፣ መጀመሪያ የምመክርዎ አምጃን ነው። ከእንጦጦ በላይ ባለው ደጋ ሲሄዱ አይተውት ይሆናል፤ ቅርንጫፎቹ ቀላ ያሉ፣ ቅጠሉ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያለ፣ አበባው ደማቅ ቢጫ ነው። አንዱን አበባ ጠጋ ብለው ቢያዩት አምስት ሰፋፊ ቅጠሎች አሉት፤ ከመሃሉ እንደ ወርቅ ክር የቀጠነ ነገር በብዛት ተሰድሮ ይታያል፤ ጠዋት ጠዋት ንብ አይጠፋበትም። የደጋ ልጅ ስለሆነ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አያስደነግጠውም። በመግረዝ ቁመቱን ከሰው ቁመት እምብዛም ሳያሳልፉ ማቆየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ጌጥ በተራራችን ላይ እያለ በየግቢው አለመኖሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ብቻ ከጫካ አይንቀሉት፤ ችግኝ ጣቢያ ጠይቀው ያስመጡ።

ሁለተኛው ጌሾ ነው። ለጠላና ለጠጅ ብቻ የተፈጠረ አድርገን ስለለመድነው እንጂ ቅጠሉ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ፣ ከዓመት ዓመት አረንጓዴ የሆነ፣ ሲገረዝ የሚጠቀጠቅ ተክል ነው። በአጥርዎ ሥር በ80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢደረድሩት ግንቡን ይሸፍንልዎታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ግን ውሃ አይጉደልበት።

ቀጋም የራሳችን ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ አበባው መልካም ሽታ አለው፣ ፍሬው ይበላል። እሾሁ ግን ክፉ ስለሆነ ልጆቹ እስኪያድጉ ቢቆይ ይሻላል።

ቡገንቪሊያን ሁሉም ስለሚመክርዎ አንድ ነገር ልጨምር። «ቅጠል ብቻ ሆነብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ውሃ እያበዙበት ወይም ጥላ ውስጥ ተክለውት ነው። ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ትንሽ ሲጠማ ነው የሚያብበው። ደማቁ ነገር ደግሞ አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ እውነተኛው አበባ በመሃል ያለችው ትንሽ ነጭ ነገር ናት። ለልጆችዎ ያሳዩአቸው፤ የእኔዎቹ ማመን አቅቷቸው ነበር።

ከዛፍ አንድ ብቻ ይትከሉ። ቦትል ብራሽ ወይም ኮክ ይበቃዎታል። ቦትል ብራሽ እርጥብ አፈርን ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል፤ ቀዩ አበባው ሲወጣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፍ ትመላለስበታለች። ኮክ ደግሞ ቅጠሉ ሳይወጣ ሮዝ አበባ ይለብሳል፤ በዚህ አፈር ላይ ግን መደቡ ከፍ ካላለ አይሞክሩት። ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳ፣ ጽድና ዝግባ ያማሩ ዛፎች ናቸው፤ ለ4 ሜትር መሬት ግን አይሆኑም። እኔ ግራቪሊያ ከአጥሩ 2 ሜትር ርቀት ላይ ተክዬ በዘጠነኛው ዓመት ለማስቆረጥ ተገድጃለሁ። ከፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድም ማንኛውም ዛፍ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ።

ልጆች ስላሉ ኦሊያንደርን ፈጽሞ አያስገቡ። አበባው ሮዝና ነጭ ሆኖ ያማልላል፤ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ግን መርዝ ነው። ወደ ታች የተንጠለጠለ ጥሩምባ የሚመስል ትልቅ አበባ ያለውም እንዲሁ መርዛማ ነው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጠውን የወፍ ቆሎንም ይለፉት፤ ፍሬውን ወፎች እየበተኑት የግጦሽ መሬት የሚወርር ተክል ነው።

ችግኝ ሲገዙ በቁመቱ አይታለሉ። ፕላስቲኩን ገልብጠው ከሥር ይመልከቱት፤ ሥሩ ወጥቶ ከተጠማዘዘ ችግኙ እዚያ ውስጥ ብዙ ቆይቷልና ይተዉት። ክንድ የማያህል ግን ግንዱ ጠንከር ያለ፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ የያዘ ይምረጡ። መደቡን በግንቦት ሠርተው ይጨርሱ፤ ዝናቡ በደንብ ሲይዝ፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይትከሉ። ከጥቅምት በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ፣ ሥሩንም በደረቅ ሣር ያልብሱት፤ ዋልካው ሲሰነጠቅ ሥሩን እየበጠሰ ነውና ሣሩ ከዚያ ይከላከልልዎታል። ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ካልነገሩን ግን የቱን የት እንደሚተክሉ መናገር አልችልም፤ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ጥላ አይተው ይጻፉልኝ።