ከባሕር ዳር ወደ ጉና፣ ታራ ገዳምና ጮቄ በመኪና፦ ጥያቄና መልስ

መስቀል ካለፈ ወዲህ «ወደ ተራራው እንውጣ፣ መንገዱን ንገረን» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ላይ ብመልስ ይሻላል ብዬ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤያለሁ። ሥራዬ የመስክ መኪና መንዳት ነው። መሐንዲስም፣ ደን የሚያጠናም፣ ክትባት የሚያደርስም ጭኜ ስለምዞር በጣና ዙሪያ ያልገባሁበት ቀበሌ ጥቂት ነው። መካኒክ ግን አይደለሁም፤ ሞተር ፈትቶ ስለመግጠም የሚጠይቅ ካለ ሌላ ሰው ይፈልግ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰላሙን ንገረን። አሁን መውጣት ይቻላል?

መልስ፦ ይህን ባሕር ዳር ተቀምጬ ልነግርህ አልችልም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ነገሩ ከሳምንት ሳምንት፣ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል። እኔ በዋዜማው ማታ እዚያው ለሚኖር ሰው እደውላለሁ፤ ጠዋት ደግሞ መነኸሪያ ሄጄ ከዚያ አቅጣጫ የገባ ሹፌር እጠይቃለሁ። ሚኒባስ ከቀረ እኔም እቀራለሁ። በጨለማ አልነዳም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ «መንገዱ ሰላም ከሆነ» ተብሎ ይነበብልኝ።

ጥያቄ፦ ያለችኝ ቪትዝ ናት። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ጉና አትወጣም፤ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ግን ቤት ቁጭ በል አላልኩም። በበጋ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀስ ብለህ ትደርሳለህ። ዘጌም ደረቅ ከሆነ በየብስ ይገባል። ታራ ገዳም ከሁሉም ይቀላል፦ እስከ አዲስ ዘመን አስፋልት ነው፣ ደኑ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ነው። መኪናህን ከተማ አቁመህ በእግርህ ውጣ። ወይራው ሥር ስትደርስ መኪና ይዤ በመጣሁ የምትል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ለጉና ምን ዓይነት መኪና ልከራይ?

መልስ፦ ከመኪናው በፊት ወሩን ብትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። በወሩ የሄደ አሮጌ ሃይሉክስ ያለ ወሩ ከሄደ አዲስ ላንድክሩዘር ቀድሞ ይመለሳል።

ነገሩ አፈሩ ነው። በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ጥቁር መሬት፣ ዋልካ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው እዚያ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ፣ ክረምት ሲሞሉም ከዳር ይወጣሉ። ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ጭቃው የጎማው ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሲሞላ ጎማው ልሙጥ ይሆናል፤ ያን ጊዜ አራቱም ቢዞሩ ዋጋ የለውም። የሚያታልለው ደግሞ ጥቅምት ላይ ነው፤ ላዩ ነጣ ብሎ ደርቋል፣ ታቹ ገና ነው። እኔ ወርጄ አንድ ጓል በተረከዜ እሰብራለሁ። ተፈርፍሮ አቧራ ከሆነ አልፋለሁ። ውስጡ እንደ ሳሙና እያብለጨለጨ ከተላጠ መኪናውን አዙሬ ምሳዬን ወረታ እበላለሁ።

የኔ ምርጫ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚያ ወቅት መንገድ ዳር አውድማ ይኖራል፤ ውቂያ ላይ ያለ ገበሬ እህል ላይ አቧራ እየበተንክ አትለፍ፣ ቀስ በል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ደግሞ ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብና በረዶ ይጥላል። ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም መጨረሻ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ፒካፕ ላንድክሩዘር አለኝ። ፎር ዊሉን አስገብቼ እንኳ የኋላ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ወርደህ የፊት ጎማውን መሀል እይ። በእጅ የሚዞር ሎክ አለው፦ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል። ውስጥ ያለውን ዘንግ ብትስብም ይህ «ፍሪ» ላይ ከሆነ ኃይሉ ፊት ጎማ አይደርስም። በሁለቱም በኩል አዙረው። ጭቃው ውስጥ ከገባህ በኋላ ሳይሆን አስፋልቱ ሲያልቅ፣ እጅህ ንጹሕ ሳለ። አስፋልት ላይ ስትመለስ ደግሞ ፎር ዊሉን አውጣው፤ በደረቅ አስፋልት ጠመዝማዛ ላይ ፊትና ኋላው ተያይዞ ሲሄድ ማርሹን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የጎማ ንፋስ ይቀነስ የሚሉ አሉ፣ አይቀነስ የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ይቀነስ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ የሚሄድ ጎማ ኮረኮንች ላይ 27 ገደማ ቢሆን ይለሰልሳል፣ ባሌስትራውም ያርፋል። ጭቃ ላይ እስከ 20 አወርዳለሁ። ግን ፖምፓ ከሌለህ አትንካው፤ በዝቅተኛ ንፋስ አስፋልት ላይ መፍጠን ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ጎሚስታ ደግሞ ተራራ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ ወንዝ ስትሻገር እንዴት ነው የምታደርገው? እኔ ውሃ ሳይ ልቤ ይከዳኛል።

መልስ፦ የከዳህ ልብ ጥሩ ልብ ነው። የማይከዳው ነው መኪና የሚያስበላው።

መጀመሪያ ቆሜ አያለሁ። ከብት የሚሻገርበት ቦታ ካለ ከሱ አልወጣም። ከዚያ ሱሪዬን ሰብስቤ በትር ይዤ በእግሬ እገባለሁ፤ ጎማው የሚሄድበትን ሁለቱንም መስመር እረግጣለሁ፣ የተደበቀ ድንጋይና ጉድጓድ የሚገኘው በእግር ነው። ውሃው ከጉልበቴ ካለፈ ወይም እግሬን ከገፋኝ ነገሩ አለቀ። የፒካፕ ላንድክሩዘር አምራች እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ያንን ለረጋ ውሃ እንጂ ለወራጅ አላምነውም። መውጫውንም አያለሁ፤ ገብቶ በወዲያ ማዶ ዳገት ጭቃ ላይ የቀረ ብዙ ነው።

ስገባ በሎው (በፎር ዊሉ ዝግተኛና ጉልበተኛ ማርሽ) ሁለተኛ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ መሀል ላይ ፍሪሲዮን ሳልረግጥ። ከፊት የሚገፋው ሞገድ ሳይሰበር ከሄድክ ከኋላው ሞተሩ አካባቢ ውሃው ዝቅ ይላል። ሮጠህ ብትገባ ውሃው ተረጭቶ አየር መሳቢያው ውስጥ ይገባል።

መሀል ላይ ከጠፋብህ ደግመህ አታስነሳ! ይህን በትልቁ ጻፉልኝ። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲመታው የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ነው፤ ጋራዥ ገብቶ ሞተር መውረድ ማለት ነው። ተጎትተህ ውጣ፣ ፊልትሮውን ክፈት፣ እርጥብ ከሆነ ባለሙያ ጥራ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠዋት በቁርጭምጭሚት የተሻገርከው ወንዝ ከሰዓት በኋላ ያው አይደለም። አንተ ጋ ፀሐይ ነው፣ ጉና ላይ ግን ዘንቧል። ውሃው ሲደፈርስና ቅጠል ሲያመጣ ካየህ ያለህበት ዳር ላይ እደር።

ጥያቄ፦ ጉና ላይ መኪናዬ ጉልበት አጣ፣ ጥቁር ጭስም አወጣ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አየር አጥሮት ይሆናል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጉና ጫፍ 4,100 ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ከላይ ስትደርስ በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት አንድ ሦስተኛው ገደማ የለም ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው ሙሉ አይቃጠልም፣ ጭሱም ይጠቁራል። ስለዚህ ነዳጅ አትርገጥ፣ ማርሽ ቀንስ። ቆሻሻ የአየር ፊልትሮ ይዘህ ከወጣህ ደግሞ ይብስብሃል። ቱርቦ ያለው ይሻላል።

ሰውም ያው ነው። ራስ ምታት የያዘው ልጅ «ትንሽ እንጨምር» ቢል አትስማው፣ አውርደው።

መንገዱን ለጠየቃችሁ፦ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በክምር ድንጋይ ወደ ጋይንት የሚሄደው አስፋልት ራሱ በጉና ትከሻ ላይ ያልፋል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ነው። ከሱ ወደ ላይ የሚገነጠሉት ፒስታዎች ናቸው ወሩን የሚጠይቁት። በነገራችን ላይ በዚያ አቅጣጫ አስቸጋሪ ጭነት ያሳለፈ ቀዳሚ ሰው አፄ ቴዎድሮስ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እያስጠረገ በሰው ጉልበት አስጎተተው። ወራት ነው የፈጀው። እኛ ሎው አለን፣ አናማርር።

ጥያቄ፦ ጮቄስ?

መልስ፦ በአዴትና በሞጣ ዞረህ፣ በድጓ ፅዮን በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያሻግረው መንገድ ተራራውን ይወጣዋል። ውብ ነው፣ ግን ረጅም ቀን ነው፤ ደርሶ መልስ አታስበው። ጉምና ብርድ አለው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እየረገጥክ አትውረድ። በሎው አንደኛ ወይም ሁለተኛ አስገብተህ ሞተሩ ይያዘው። የተቃጠለ ፍሬን ከሸተተህ ቁም፣ ውሃ አታፍስበት፣ ሲቀዘቅዝ ሂድ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ደኑን አቋርጦ የሚሄድ መንገድ ያሳያል።

መልስ፦ ካርታው የበቅሎ መንገድንም መንገድ ይለዋል። እረኛ ጠይቅ፤ ግን ጥያቄህን አስተካክል። «መንገድ አለ?» ካልከው «አለ» ይልሃል፤ እውነቱን ነው፣ እሱ የሚሄድበት አለ። «ጭነት መኪና ወጥቶበት ያውቃል? ከክረምት ወዲህ ነው ከክረምት በፊት?» በለው። «እዚህች ጋ ነች» ካለህ ደግሞ ምሳህን ሳትይዝ አትሂድ። በገበያ ቀን መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል፤ ግን መረጃ የሚገኘውም ያን ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ደኑ ውስጥ ራሱ መንዳትስ? ቪዲዮ ላይ የውጭ ሰዎች ዛፍ መሀል ሲነዱ አያለሁ።

መልስ፦ እነሱ አገር ለዚያ የተተወ ሰፊ ደን ይኖራል። እኛ ጋ የቀረው ደን አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የተረፈውም ስለተከበረ ነው። ዘጌን ተመልከት፦ አቡነ በትረ ማርያም በሬ እንዳይጠመድ ከልክለዋል ተብሎ ይታመናል፣ ሕዝቡም ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር እያለማ ይኖራል። በሬ ያልገባበት ቦታ ላንድክሩዘር ይዘህ ልትገባ ነው? የጣናን ዙሪያ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ከዚያ በፊት ግን መነኮሳቱ መዝግበውታል። ከአጥሩ ውጭ አቁም፣ ሙዚቃውን ዝጋ፣ ጥሩምባ አትንፋ፣ ማን እንደሚገባና እንደማይገባ ደጁ ላይ ጠይቅ።

ጉና ላይ ደግሞ ዛፍ ስለሌለ ሜዳው ነፃ ይመስላችኋል። ጓሳውና ጅብራው ያለበት ረግረግ ነው ከሁሉም የሚጎዳው። ሁለት የጎማ ፈለግ ቁልቁል ከተሰመረ ክረምት ሲመጣ ውሃው መውረጃ ቦይ አገኘ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጣት ያስገባል፣ ቀጥሎ ክንድ፣ ከዚያ ቦረቦር ሆኖ የገበሬውን ማሳ ይበላል። አፈሩም በርብና በጉማራ ወርዶ ጣና ይገባል። ስለዚህ ከተነዳበት ፈለግ አትውጣ፤ ጭቃ ሲያጋጥምህ በጎን ዞረህ ሁለተኛ መንገድ አትክፈት። ወይ በመሀሉ እለፍ፣ ወይ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የገዛሁት። ይሆናል?

መልስ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ይህ ጥያቄ መብዛቱ አይቀርም። ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ በዚህ ከኛ ይበልጣል። ችግሩ ባትሪው ሆዱ ሥር መሆኑና ተራራ ላይ መሙያ አለመኖሩ ነው። ደብረ ታቦር ድረስ በአስፋልት ሂድበት፣ ከዚያ ጓደኛህ መኪና ላይ ተሳፈር።

ጥያቄ፦ ከተቀረቀርኩስ?

መልስ፦ ነዳጅ መርገጥህን አቁም፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጉድጓድህን እየቆፈርክ ነው። ውረድ። ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ጥረግ፣ ንፋስ ቀንስ፣ ድንጋይ አንጥፍ። ክሪክ ጭቃ ላይ ይሰምጣል፤ ሥሩ የሚቀመጥ ወፍራም ጣውላ ይዘህ ውጣ። የሚጎትትህ መኪና ካለ ካቦውን ከሻንሲው መንጠቆ ላይ እሰር እንጂ ከተጎታች ማያያዣ ኳሱ ላይ አትሰር። ሲጎተትም ሰው ሁሉ ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ፤ ሲበጠስ እግር ይቆርጣል። የአካባቢው ወጣቶች ይመጣሉ፣ ሁልጊዜ ይመጣሉ። ጉልበታቸውን በነፃ አትውሰድ። ብር አንሻም ካሉህ ለደብሩ ስጥ። ደኑን ቆርጣችሁ ቅጠል አንጥፉልኝ ማለት ግን ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ስመለስ ምን ልፈትሽ? እንዲያው ሐይቁ ዳር አጥቤ ባቆማትስ?

መልስ፦ ሐይቁ ዳር አትጠብ፤ ዘይትና ናፍጣው ጣና ነው የሚገባው፣ እምቦጩ አንሶት ነው? እጥበት ቤት ውሰዳት፣ ሆዷን በደንብ ይጠቡልህ፤ የደረቀ ዋልካ ባሌስትራ መሀል ተቀምጦ ይከርማል። ውሃ ከተሻገርክ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስከፍተህ እይ። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ በመተንፈሻውና በጎሚኒው በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ በዚያው ቀን ይቀየር። የፊት ጎማ ኩሽኔታውንም ከፍ አድርገህ ነቅንቀው፤ ከተንኳኳ ወደ ጎንደር እንኳ አትነሳ።