ጠማማ የመሰለኝ ሦስት ሚሊሜትር

ውድ ወጣቶች፣

አርባ ዓመት ያህል የፋብሪካ ማሽን ስጠግን ኖሬያለሁ። በጡረታ ስሰናበት ከመሣሪያ ሳጥኔ ጋር ይዤው የወጣሁት አንድ ክፉ ልማድ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ባየሁ ቁጥር እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። ከዚህ ልማድ ያላቀቀኝ አለቃም መጽሐፍም አይደለም። አራት ሜትር የማትሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራች፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሚንጠለጠል አንዲት የእንጨት የእሽቅድምድም ጀልባ ናት። ከቤቴ ጀርባ ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ሦስት ዓመት አብራኝ ኖረች። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ፣ ወይም ሌላ ሰው የጀመረውን ሥራ ተረክባችሁ ለመቀጠል የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። ያሳመርኩትንማ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰለቸው ሰምቶታል።

በፋብሪካ ሳለሁ ሥራዬ ቀላል ነበር ማለት ይቻላል። ማንኛውም ማሽን ንድፍ አለው፤ በንድፉ ላይ ያለው ልክ ትክክል ነው፤ ከልኩ የወጣው ጥፋት ነው፤ ጥፋቱን ወደ ልኩ መመለስ ጥገና ነው። ጀልባዋ ግን ንድፍ አልነበራትም። ማን እንደሠራት የሚናገረው ሰሌዳ እንኳን ተነቅሎ የሁለት ቪቴ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ ያለው ንድፍ ራሷ ጀልባዋ ነበረች። ይህን ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፈዋለሁ፤ እስኪገባኝ ድረስ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል።

የእሽቅድምድም ጀልባ ረጅም ዕድሜ እንድትኖር ተብላ አትሠራም። ሠሪዋ በሐሳቡ የነበረው ጥቂት የውድድር ወቅት ነው፤ ጠላቱም ክብደት ነው። ለአጥንቷ ስፕሩስ የሚባለውን ቀላልና ጠንካራ እንጨት፣ ለቆዳዋ ስስ የማሆጋኒ ፕላይውድ መረጠ። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ የሚሠራ አናጺ አራት ቪቴ በሚያስገባበት ቦታ እርሱ ሁለት አስገባ። እኛ ደግሞ ከሰባ ዓመት በኋላ መጥተን ሌላ ብዙ ዓመት እንድትኖርልን እንፈልጋለን። ሠሪዋ ያላሰበላትን ነው የምንጠይቃት። ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል ወፍራም እንጨት ይጨምራል፣ ሆዷን በፋይበርግላስ ይጠቀልላል፣ ኤፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ እንደ ውሃ ያፈስሳል። በመጨረሻ ጠንካራ ሣጥን ያገኛል፤ ጀልባዋ ግን የለችም። እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ሚዛን አስቀምጬ ያወጣሁትንም ያስገባሁትንም እንጨት እመዝን ነበር። ሚስቴ እንደ ሥጋ ሻጭ ሆንክ ትለኝ ነበር፤ ሆኖም በዚህ ረገድ ብቻ አላፍርም።

እንጨት ለፍጥነት አይሆንም የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1950 ስሎ ሞ ሹን አራተኛ የተባለችው የእንጨት ጀልባ በሲያትል፣ በዋሽንግተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ይበልጥ የሚገርመኝ የአውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ ነው። ሲድኒ ባለው ቤቱ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ጀልባ ሠራ፤ ከወታደራዊ ዕቃ ሽያጭ የተገዛ አሮጌ የአውሮፕላን ጄት ሞተር ገጠመላት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 8 ቀን 1978 በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር ነዳት። ክብረ ወሰኑን ለመንጠቅ የተነሡት ሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1980፣ ክሬግ አርፎንስ እ.ኤ.አ. በ1989 በየሙከራቸው ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዋርቢ ወሬ ልባችሁን ሞቅ ሲያደርገው የእነዚህ የሁለቱ ቀዝቀዝ ያድርገው። በእኔ ጀልባ ፍጥነት እንኳን ነጂው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ ሳላስር፣ ሕይወት አድን ሰደሪያና የራስ ቁር ሳላደርግ ከዳር አልርቅም።

ወደ ወርክሾፑ እንመለስ። ጀልባ ለዓመታት በሁለት ድጋፍ ላይ ብቻ ተቀምጣ ከኖረች በራሷ ክብደት ትጎብጣለች። በዚያው አቋሟ እያለች ክዳኗን ብትከፍቱ ወይም ሆዷን ብትፈቱ ጉብጠቷ ይጸናል፤ አዲሱ እንጨት ደግሞ ያን ጉብጠት ይዞ ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ቪቴ ከመንካታችሁ በፊት ከእያንዳንዱ የጎን አጥንት ሥር ድጋፍ ሥሩላት፤ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላ ሰሌዳዋ (ሞተሩ የሚንጠለጠልበት) መካከል ድረስ ሲባጎ ወጥሩ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ስጡት፤ ፎቶ አንሡ። ወር ሊፈጅ ይችላል። ያያችሁ ሁሉ ሥራ ፈት ትመስሉታላችሁ። እኔ ድጋፉን ሠራሁ፣ ሲባጎውንም ወጠርኩ። ቁራጭ መቁጠሩን ግን ለማስታወስ ችሎታዬ ተውኩት። በስድሳ አምስት ዓመቴ!

የበሰበሰውን ለማግኘት ከወስፌና ከካቻቪቴ እጀታ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። በእጀታው ስትመቱት ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን ዝም ይላል። ብስባሽ የፈንገስ ሥራ ነው፤ ፈንገሱ የሚኖረው በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ጀልባን ብዙውን ጊዜ የሚያበሰብሳትም የምትሄድበት ውሃ ሳይሆን ቆማ ሳለች በየጥጉ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነው። የእኔዋ ከኋላ ሰሌዳዋ ግርጌ ስድሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ሆዷ ተበልቶ ነበር።

ቪቴዎቹ ራሳቸውን የቻሉ ትምህርት ናቸው። ከነሐስ የተሠሩት ከሰባ ዓመት በኋላም ጨዋዎች ናቸው፤ በራሳቸው ላይ የደረቀውን ቀለም ጠርጋችሁ በብየዳ ብረት ትንሽ ብታሞቋቸው ይወጣሉ። አንድ የቀድሞ ባለቤት የጨመራቸው የናስ ቪቴዎች ግን ዚንካቸውን ውሃው በልቶት ሮዝ መልክ ይዘዋል፤ ሲነኳቸው እንደ ብስኩት ይፈረካከሳሉ። የቪቴውን ራስ የሚሸፍነውን የእንጨት ወታፍ በኮላ አታጣብቁት፤ ቫርኒሽ ቀብታችሁ ክተቱት። በኮላ የተጣበቀውን ወታፍ ለማውጣት ስትታገሉ ዙሪያው ያለው ማሆጋኒ ይሰነጠቃል። የእኔን ጀልባ ወታፎች የከተተው ሰው በቫርኒሽ ነበር የከተታቸው፤ እያንዳንዷ በመሮ ጫፍ ስትወጣ ስሙን የማላውቀውን ያን ሰው እመርቀው ነበር።

ስለ ማጣበቂያ አንድ ነገር ልበል። ሬዞርሲኖልን በመሳሰሉት የድሮ ኮላዎች ዘመን ባለሙያው ሁለቱን እንጨቶች ክፍተት እስከማይታይ ድረስ አገጣጥሞ በኃይል ማጥበቅ ነበረበት። ኤፖክሲ ተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ክፍተት ይሞላል፣ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ ግን ከመገጣጠሚያው ተጨምቆ ይወጣና ምንም አይዝም። እኔ ብረት እንደማጠብቅ በሞርሴቶ ጠረቅሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔው ግን ቆሜ እያየሁት ተፈታ። ስድስት ሚሊሜትር ፕላይውድ ከሌላው ጋር ስትቀጥሉ ሰያፍ ቁርጡ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 48 ሚሊሜትር ያህል ይርዘም፤ ማጥበቂያው ደግሞ ኮላው በቀጭኑ ብቅ እስኪል ብቻ ይሁን። ጓንት አድርጉ። ቆዳ በኤፖክሲ አንዴ ከተቆጣ ዕድሜ ልኩን ይቆጣል፤ የግራ እጄ ምስክር ነው።

ከዚህ የባሰም ነበር። አንድ ምሽት በተልባ ዘይት የራሱ ጨርቆችን ጨባብጬ ባልዲ ውስጥ ጥዬ ገባሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሽታ ሰምቼ ስወጣ ባልዲው ይጨሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ክምር ጨርቅ ደግሞ ያን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ አፍኖ ይይዘዋል። እሳት የጫረ ሰው አልነበረም። አሁን ጨርቆቼን አንድ በአንድ ደጅ አሰጣለሁ። የአሮጌ ቀለም ነገርም እንደዚሁ ነው፤ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፣ በእሳትም አታቃጥሉት፤ አርጥባችሁ፣ ጭንብል አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ። የበሰበሰውን የኋላ ሆድ ስፈታ በፕላይውዱና ርዝመቱን ተከትለው በሚሄዱት ሁለት እንጨቶች መካከል ሁለት ስስ ሽብልቆች አገኘሁ፤ አንደኛው ጫፋቸው እንደ ምላጭ የሳሳ፣ ሌላው ሦስት ሚሊሜትር ገደማ። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ማስመሪያ ቀደም ብዬ ሆዷ ላይ ሳሳርፍ ወደ ኋላ ሰሌዳዋ ሲቃረብ ቁልቁል እንደሚታጠፍ አይቼ ነበር። ፍርዴ ወዲያው ተሰጠ፤ ይህ እንጨት ጠሞበት በሽብልቅ የደበቀ ሰነፍ ሠራተኛ ሥራ ነው! ሽብልቆቹን ወደ ቁርጥራጭ ሣጥን ወረወርኳቸው። አዲሱን ፕላይውድ ስገጥም ማስመሪያው ሥር ወረቀት የማያሳልፍ ቀጥ ያለ ሆድ አወጣሁ። ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ያደገ ሰው ነኝ።

ስምንት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባኋት፤ በየመካከሉ እየፈገፈግሁ፣ አቧራ እየጠረግሁ። መስታወት መሰለች። ውሃ ላይ ስትወርድ ግን ፍጥነት ስትይዝ አፍንጫዋን ወደ ላይ ትወረውራለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትወረውራለች፤ እንደ ዶልፊን እየዘለለች። በመጀመሪያ ሞተሩን ከሰስኩ። ሞተሩ ዘንበል የሚልበትን ልክ በማስተካከያው በአንድ ቀዳዳ ቀየርኩ፤ ጥቂት ቀነሰ። ተንበርክኬ ወደ ፊት ተጠጋሁ፤ ጥቂት ቀነሰ፣ ጉልበቴም ተላጠ። ነዳጅ ታንኩን አዛወርኩ። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ፤ በሦስቱም ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን የራሴን ሥራ አልጠረጠርኩም።

ለወታፍ የሚሆን ቁራጭ ማሆጋኒ ፍለጋ ሣጥኑን ስበረብር ሽብልቆቹ እጄ ላይ ወጡ። አንዱን ገልብጬ አየሁት። በእርሳስ የተሣለ ወደ ኋላ የሚያመለክት ቀስት፣ ከጎኑም 1/8 የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ። በኢንች የሚለካ ሰው ነበር፤ የኢንች አንድ ስምንተኛ ማለት ሦስት ሚሊሜትር ከትንሽ ነው። የጠመመ እንጨት የሚደብቅ ሰው ሁለቱን ሽብልቆች እኩል አድርጎ ልካቸውንና አቅጣጫቸውን አይጽፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆዷ ወደ ኋላ ሲቃረብ በጥቂቱ ቁልቁል ሲታጠፍ የሚያልፈውን ውሃ ወደ ታች ይገፋል፤ ውሃውም መልሶ የኋላዋን ያነሣል፤ አፍንጫዋ ይሰክናል። ዋጋው ከፍጥነቷ ጥቂት መቀነሱ ነው። ሠሪዋ ይህን ያውቃል፤ አስቦ፣ ለክቶ፣ ፍጥነት ሰጥቶ እርጋታ ገዛ። እኔ በአንድ ማስመሪያ ፍርዱን ሻርኩበት።

እንግዲህ ምክር ከተባለ የምሰጠው ይህ ነው። ያልገባችሁን ነገር ስህተት ከማለታችሁ በፊት የሠራው ሰው እንደ እናንተ የሚያስብ እንደነበር አስቡ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ተዉት። አንዳንዴ በእርግጥ ስህተት ሆኖ ይገኛል። የናሱ ቪቴ ስህተት ነበር፤ አወጣሁት፣ አልተጸጸትኩም። ግን ያወጣችሁትን አትጣሉ። እኔን ያዳነኝ ጥበብ አይደለም፤ ሣጥኑን ባዶ ለማድረግ መስነፌ ነው።

ያን ያማረ ሆድ እንደገና ፈታሁት። ቫርኒሹ ሲላጥ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ሽብልቆቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ፤ ከ1/8ቱ አጠገብ በእርሳስ ቀኑንና አውጥቻቸው እንደነበር ጻፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀልባዋ በውሃው ላይ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ተኝታ ሄደች። ከበፊቱ ትንሽ ቀርፋፋ ናት።

ከኋላ ሰሌዳዋ በስተቀኝ በኩል ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ የሚረዝም፣ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ የገባ አንድ የነሐስ ቪቴ አለ። በግራ በኩል አምሳያ የለውም። ምን እንደሚይዝ እስካሁን አላወቅሁም። እዚያው አለ፤ አልነካሁትም።