ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሰገራዬ የጠቆረው ከብረት ክኒኑ ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 46 ነው፤ ሐዋሳ ባጃጅ እነዳለሁ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። ሄሞግሎቢኔ 7.8 ሆኖ ደም ማነስ ተባልኩ። 3 ሳምንት ሙሉ የብረት ክኒንና የቀይ ስር ጭማቂ ወስጃለሁ። ለወገቤ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። ሰገራዬ ከጠቆረ 2 ወር ሆኖታል፤ ከብረቱ ነው አሉኝ። የደም ካንሰር ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንቅልፍ የነሳዎት የመጨረሻዋ ጥያቄ ናትና ከእሷ ልጀምር። በላኩልኝ ውጤት ነጭ የደም ሴልዎም ፕሌትሌትዎም (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው) ልክ ነው። ቀይ ሴሎችዎ ግን ትናንሽና ገርጣ ያሉ ናቸው፤ የብረት ክምችትዎን የሚያሳየው ፌሪቲንም ወርዷል። ይህ የብረት እጥረት መልክ ነው፤ የደም ካንሰር አይመስልም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰገራዎ ነው። ክኒኑን ከጀመሩ 3 ሳምንት፣ ሰገራዎ ከጠቆረ 2 ወር። ገና ያልተዋጠ ክኒን እንዴት ያጠቁራል? ብረት ሰገራን ማጥቆሩ እውነት ነው፤ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ሰገራውም አይጣበቅም። ጨጓራው የሚደማ ሰው ሰገራ አስፋልት ላይ እንደሚፈስ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ውሃ ቢደፉበት ቶሎ አይለቅም፣ ሽታውም ይከረፋል። ደሙ በአንጀት ሲያልፍ ስለሚጠቁር «ቀይ አላየሁም» ብለው አይዘናጉ። 2 ወር ሙሉ እንዲህ እያዩ ዝም ማለትዎ አሳዝኖኛል።

10 ሚሊ ሊትር ደም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ 5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይዞ ይወጣል። አንጀታችን ከምግብ በቀን የሚቀበለው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የሚያፈስ እንስራ በቀይ ስር አይሞላም፤ ቅላቱም የራሱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም።

ዳይክሎፌናኩንስ ማን አዘዘልዎት? ጨጓራ የሚያቆስል መድኃኒት እንደ ከረሜላ እየተገዛ አይዋጥም! ዛሬውኑ ያቁሙ፤ በአይቡፕሮፌንም አይተኩት። ለወገብዎ እስኪታዩ ፓራሲታሞል ይውሰዱ።

ሆስፒታል ዛሬ ይሂዱ፤ ባጃጁን ሌላ ሰው ይንዳልዎት። ሲቆሙ ካዞረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም የቡና አተላ የሚመስል ካስመለስዎት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ኢንዶስኮፒ (ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) ቢታዘዝልዎት አይፍሩት፤ ምርመራው የደቂቃዎች ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ በብዛት የሚገኘው ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ ይድናል። የዳይክሎፌናኩን ባዶ ማሸጊያ ይዘው ይግቡ፤ በቀን ስንት እንደዋጡም ለሐኪሙ አንድ ሳያስቀሩ ይንገሩት።