ማስተርሱን ትቼ ኪችን ልግባ ወይ ላልሽኝ እህቴ፣ ቦሎኛ፣ ጣሊያን

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ማኔጅመንት ማስተርስ ላይ ነሽ፣ ሶስት ፈተናና ቴሲስ ቀርቶሻል፣ ቅዳሜና እሁድ አንድ ትራቶሪያ (ትንሽ ምግብ ቤት) ውስጥ ሳህን እያጠብሽ ሼፉ የፓስታ ሊጥ ሲዳምጥ እያየሽ እጅሽን በላሽ፣ ከዛ ማሳየት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሙሉ ቀን ግቢልኝ ብሎሻል። እናትሽ ደሞ «ማስተርስ ብለሽ ሄደሽ ወጥ ቤት ልትገቢ ነው?» ብለው ስልኩን ዘጉት። (ሳላውቃቸው ወደድኳቸው።)

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኪችኑን አትተዪው፣ ማስተርሱን ግን ጨርሺው። የተማረ ሰው ወጥ አይሰራም ብዬ አይደለም እኮ፣ ነገሩ ሶጆርኖሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ነው። በተማሪ ሶጆርኖ መስራት የሚፈቀድልሽ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 1,040 ሰዓት ነው፣ ለማሳደስም ፈተና ማለፍሽን ያያሉ። ሙሉ ቀን ግቢ ያለሽ ሰውዬ ይሄን ያውቃል? በኮንትራት ነው ወይስ በኔሮ፣ ያለ ወረቀት በድብቅ? ያን ሁሉ ገፅ ፅፈሽ ስለ ኮንትራት አንድ ቃል አላነሳሽም፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ዲግሪውን ከያዝሽ ግን ለተመራቂ ስራ ፍለጋ ተብሎ እስከ 12 ወር የሚሰጥ ሶጆርኖ አለ፣ ያኔ ኪችንም ግቢ ቢሮም ግቢ ማንም አያስፈራራሽም።

ወደ ምግቡ ልምጣ፣ እሱ ነው ደስ ያለኝ። ራጉ (የስጋ ስጎውን) ስሪ ስትባዪ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ጀምረሽ ሼፉ ዘሎ መጣ ያልሽው አሳቀኝ። እነሱ ሽንኩርት፣ ካሮትና ሴለሪ አድቅቀው ከትፈው በዘይት ወይ በቅቤ በቀስታ ነው የሚያለሰልሱት፣ እኛ ደግሞ ቁሌቱ ሳይበስል ምንም አይገባም። ግን ልብ በይ፣ ራጉ ሁለት ሶስት ሰዓት በለስላሳ እሳት የሚቆይ ነገር ነው፣ ዶሮ ወጥ እያየሽ አድገሽ ለዚህ ትዕግስት አታንሺም። ሊጡንም ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል እያልሽ፣ በዛ ረጅም መዳመጫ፣ ሳን ሉካ (ኮረብታው ላይ ያለው ቤተክርስቲያን) በሊጡ ውስጥ እስኪታይ ድረስ እያሉ ሲቀልዱብሽ ያሳለፍሽው ጊዜ ባዶ አይደለም፣ ሙያ ነው።

ግን አንድ ነገር ዘለሻል፣ አሳማ። እንደማትበዪ ከአነጋገርሽ ገብቶኛል። ቦሎኛ ደግሞ ቶርቴሊኒው (በስጋ የሚሞላው ትንሹ ፓስታ) ውስጥ የአሳማ ስጋ፣ ፕሮሹቶ፣ ሞርታዴላ ነው፣ ራጉውም ፓንቼታ አለው፣ ሁሉም ከአሳማ ነው። ሳይቀምሱ መስራት ይቻላል ግን ከባድ ነው፣ ስለዚ ሼፉን ከአሁኑ ፊት ለፊት ንገሪው፣ ሊጥ ላይ ልቁም በይው፣ ጥሩ ሊጥ የሚዳምጥ ሰው በየቀኑ አይገኝም። ሁዳዴ ላይ ምን እበላለሁ ላልሽው ደሞ ፓስታ በሽንብራ፣ ፓስታ በባቄላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ መሳዩ ፔፔሮንቺኖ በዘይት፣ እንቁላል የሌለበትን ፓስታ መርጦ ፎርማጆውን (አይቡን) መተው ነው።

እሁድ ለጓደኛ ታሊያቴሌ (ጠፍጣፋና ረጅሙን የእንቁላል ፓስታ) መስራትና ቅዳሜ ማታ ሰርቪስ ላይ መቆም ደግሞ የተለያየ ነገር ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ ሌላ ከተማ ኪችን ገብቼ ነበር፣ የትዕዛዝ ትኬቱ ተደርድሮ፣ እጄ ተቃጥሎ፣ ሰው እየጮኸብኝ፣ ከዛ ለሁለት ወር ፓስታ ማየት አስጠልቶኝ ነበር። ስለዚ በዚህ ሰመር ሳህኑን ትተሽ በተፈቀደልሽ ሰዓት አርብና ቅዳሜ ማታ ምድጃው አጠገብ አቁሙኝ በይ። ኦገስት ብዙው ቤት ለፌሪዬ (ለእረፍት) ስለሚዘጋ ጁላይን ተጠቀሚ። የምግብ ንፅህና ኮርሱንም ውሰጂ፣ አጭር ነው፣ የትም ኪችን ይጠይቁሻል።

ቴሲስሽንስ? ርዕስ አጣሁ ብለሻል እኮ! አንድ ሳህን ታሊያቴሌ ስንት ያስወጣል፣ ስንት ይጣላል፣ ሰራተኛ ለምን አይቆይም፣ ይሄ ሁሉ በእጅሽ ነው ያለው፣ አማካሪሽ እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይታየኝም። ከተመረቅሽ በኋላ ልብሽ አሁንም እዛው ከሆነ ፓርማ አጠገብ ኮሎርኖ ላይ አልማ የሚባል የሼፍ ትምህርት ቤት አለ፣ ፖሌንዞ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የጋስትሮኖሚ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሁለቱም ርካሽ አይደሉም ብቻ።

ለእናትሽ አሁን «ትምህርቱን አልተውኩም» ብቻ በያቸው፣ ሌላውን ክረምት ስትሄጂ ሊጥ ዳምጠሽ አብዪያቸው። ሰውዬው ኮንትራት ከሰጠሽ ደግሞ ሳትፈርሚ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።