ቆሎው ነው ያሳመማት?

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ትዕግሥቴ አልቋል።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ከመንዝ አምጥቻት አብረን እንኖራለን። በቅርቡ ሰገራዋ ላይ ደም አየች፤ ሕመም የሚባል ግን አልነበራትም። አዲስ አበባ በካሜራ ታየች። «ትልቁ አንጀቷ ላይ ዳይቨርቲኩላ የሚባሉ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፣ ካንሰር አይደለም» አሉን። ታላቅ ወንድሜ ከዚያ ወዲህ በደወለ ቁጥር «ቆሎና ተልባ እያበላሽ አንጀቷን በሳሽው» ይለኛል። ዘመድ ፊት ሳይቀር! ለበዓል ብቻ ብቅ የሚል ሰው! ቆሎውንም በሶውንም ከቤት አጠፋሁ። አሁን የምሰጣት ነጭ ዳቦና ፓስታ ነው፣ እሷ ደግሞ ታኮርፋለች። ምንም አላጓደልኩባትም። ብርዱ ጉልበቷን ስለሚይዛት ከመጣች ጀምሮ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁላት ጠዋትና ማታ ትውጣለች፤ ከአልጋዋም ብዙ አትነሳም። ከወንድሜ ጋር መነጋገር ትተናል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። እውነት እኔ ነኝ ያሳመምኳት?

መልስ

እህቴ፣ ከረጢቶቹን አንቺ አላመጣሽባትም። ቆሎውም አላመጣባትም። አሜሪካ ውስጥ 47,000 ያህል ወንዶችን ለ18 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር። ለውዝና ፈንድሻ አዘውትረው የሚበሉት ከሌሎቹ የበለጠ አልታመሙም፤ እንዲያውም ያነሰ ነው። ይህን ለወንድምሽ አንብቢለት።

እኔን ያስደነገጠኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው ዳይክሎፌናክ ነው። ከረጢት የሚወጣው የደም ሥር የአንጀትን ጡንቻ ሰርስሮ በሚያልፍበት ስስ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ደም ሥሩ ከከረጢቱ ጎን በቂ መከለያ ሳይኖረው ይቀራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የመድማቱን አደጋ ከፍ ያደርጉታል። በዚህ ዕድሜ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ጠዋትና ማታ! በዚህስ ተቆጥቼሻለሁ። ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውይ። ለጉልበቷ ፓራሲታሞል ይበቃት እንደሆነ ጠይቂ።

የከረጢቱ ነገር የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የአንጀት ግድግዳ ይደክማል። ዘርም አለበት። በስዊድንና በዴንማርክ መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዘር ድርሻው ግማሽ ያህል እንደሚደርስ አሳይተዋል። ወንድምሽም የእሷው ልጅ ነው፤ ጣቱን ካንቺ ላይ አንስቶ ስለራሱ ያስብ። የሚያጨስ ከሆነ ይተው፣ ሰውነቱ ከከበደ ይቀንስ። ሁለቱም አደጋውን ይጨምራሉ።

በገብስና በባቄላ ያደገችን እናት በነጭ ዱቄት ማኖር ደግ አይደለም። ፋይበር ሲያንስ ሰገራ ይደርቃል፣ አንጀትም ለመግፋት ይጨነቃል። ሐኪሟ ካልከለከለ በሶዋን መልሽላት፣ ጎመኑንም ጨምሪበት፣ ቀስ በቀስ፣ ከብዙ ውኃ ጋር። ኩርፊያዋ ሲለቃት ታያለሽ! ፀሐይ ሲወጣም ደጅ ይዘሻት ውጪ፣ መቀመጥ ራሱ ይጎዳታል።

ደም ዳግመኛ ካየች፣ ወይ በሆዷ በታች በኩል ሕመምና ትኩሳት ከመጣባት፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት። የምትውጠውን ክኒን ማሸጊያ ይዘሽ ሂጂ።