ዊልቸርና የመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎች፦ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ አባቴ በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎናቸው ደክሟል። በሰው የሚገፋ ዊልቸር ይጠቀማሉ፤ ብረት ይዘው ለአፍታ መቆም ይችላሉ፣ መራመድ ግን አይችሉም። ትምህርት ሲዘጋ ከልጆቹ ጋር ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ልንወስዳቸው አስበናል። እሳቸው የሚሳፈሩበት ነገር አለ ወይስ ዳር ሆነው ሲጠብቁን ሊውሉ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ብዙ አለ። ፓርኩ በድረ ገጹ ላይ እያንዳንዱ መጫወቻ ምን እንደሚጠይቅ ይጽፋል፦ ከዊልቸር ሳይወርዱ የሚገባበት፣ ወደ መቀመጫው መዛወር ያለበት፣ ተራምዶ መግባት ግዴታ የሆነበት። ከመሄድዎ በፊት ቤት ቁጭ ብለው ይለዩዋቸው።

ዲዝኒ ወርልድ በውስጡ በርካታ ፓርኮች አሉት፤ ሳይወርዱ ከሚገባባቸው መካከል ማጂክ ኪንግደም በተባለው በጀልባ የሚኬድባቸው «ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ» እና «ጃንግል ክሩዝ»፣ አኒማል ኪንግደም በተባለው ደግሞ «ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስ» አሉ። ዊልቸር የሚያስገቡት ጀልባዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተሳፈረበት ዞሮ እስኪመለስ ይጠበቃል። ሰልፉ አልቆ እናንተ ብቻ የምትቀሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሠራተኛው ረስቷችሁ አይደለም። «ትንሽ ይረፉ» ብለው ስኩተር (ተቀምጠው የሚነዱት ባለሞተር መንቀሳቀሻ) እንዳይከራዩላቸው። እነዚህ መጫወቻዎች ላይ ስኩተር አይገባም፤ ተሳፋሪው ወደ ተራ ዊልቸር መዛወሩ አይቀርለትም። «ፒተር ፓንስ ፍላይት»ን ይተዉት፤ የሚሳፈሩት በሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ላይ እየተራመዱ ነው።

ትልቁ ጣጣ መዛወሩ ላይ ነው። ሠራተኞቹ ሰው ማንሳት አይፈቀድላቸውም፤ ስለዚህ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች ከእናንተው መካከል ይኑሩ። የአባትዎ ቀኝ ጎን ወደ መጫወቻው እንዲሆን ዊልቸሩን ጠጋ አድርገው ያቁሙ። የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ይያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ጎን ያዙሩ፣ የቀኙን የክንድ መደገፊያ ያውልቁ። አንዱ ከፊት ወገባቸው ላይ በታሰረ ሰፊ ቀበቶ ይያዛቸው፣ የደከመውንም ጉልበት በራሱ ጉልበት ይደግፍ፤ ሌላው ከኋላ ዳሌያቸውን ይምራ። በብብት አንጠልጥሎ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ስትሮክ ያደከመው ትከሻ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል።

ሲሳፈሩ ወደ ጠንካራው ቀኝ ስለሚዛወሩ ነገሩ ቀላል ይመስላል። በዚያው በር ሲወርዱ ግን የሚዛወሩት ወደ ደካማው ግራ ነው። በዚያ ላይ ከፍታውም አለ። በአሜሪካ ደንብ አዲስ በተሠራ ወይም በታደሰ መጫወቻ ላይ ለመዛወሪያ የተመደበው መቀመጫ ከመሳፈሪያው ወለል ከ14 እስከ 24 ኢንች (ከ36 እስከ 61 ሴንቲ ሜትር) ከፍታ አለው። ዊልቸሩ 50 ሴንቲ ሜትር፣ መቀመጫው 36 ከሆነ መውረዱን የምድር ስበት ያግዛል፤ መመለሱን የሚያግዝ ግን የለም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ዝቅ ካለ ሶፋ ላይ በግራ በኩል መነሳትን ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ካልሆነላችሁ መዛወር የሚጠይቁትን ሁሉ ይዝለሉ፤ ሳይወርዱ የሚገባባቸው ብቻ ቀኑን ይሞላሉ። ፈጣን የሆኑትን በተመለከተ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የካውንቲ ፌር (ለጥቂት ቀናት የሚዘጋጅ የአካባቢ ባዛር) ላይ ትልቁ የሚሽከረከር ጎማ ላይ በዊልቸር አናስገባም አሉኝ። ሕጉ አያስገድዳቸውም? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ መጫወቻውን ለዊልቸር ማመቻቸትን በተመለከተ አያስገድዳቸውም። የ2010ሩ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ስታንዳርድ አዲስ መጫወቻ በአጠቃላይ ቢያንስ አንድ የዊልቸር ቦታ፣ ወይም የመዛወሪያ መቀመጫ፣ ወይም የማዛወሪያ መሣሪያ እንዲኖረው ይላል፤ በጭነት መኪና እየተጓዙ የሚተከሉና የሚነቀሉ መጫወቻዎችን ግን ነፃ አድርጓቸዋል። ይህ ማለት እርስዎን እንደፈለጉ ይመልሳሉ ማለት አይደለም። በራስዎ ወይም በቤተሰብ እርዳታ ወደ መቀመጫው መዛወር ከቻሉ፣ የሚከለክሉዎት በእውነተኛ የደህንነት ምክንያት እንጂ «ቢወድቅስ» በሚል ግምት መሆን የለበትም። ስለዚህ «ዊልቸሬ ይገባል?» ከማለት «ተዛውሬ ልቀመጥ፣ ዊልቸሬ እዚህ ይቆየኝ» ማለቱ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሴሬብራል ፖልሲ (የአንጎል ጉዳት የሚያመጣው የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት፤ ከራሷ ባለሞተር ወንበር ውጭ ቀጥ ብላ መቀመጥ አትችልም። ማዛወር የማያስፈልግበት ፓርክ አለ? (ከዳላስ)

መልስ፦ እዚያው ቴክሳስ ውስጥ አለ፤ ሳን አንቶኒዮ ያለው ሞርጋንስ ወንደርላንድ። በ2010 የተከፈተው ገና ከጅምሩ ለዚህ ታስቦ ነው፤ ካሩሰሉም (ክብ እየዞረ የሚሽከረከረው መጫወቻ) ባቡሩም ዊልቸር ይዞ ይገባል። አካል ጉዳተኛ በነፃ ነው የሚገባው፤ አጃቢ ግን ይከፍላል። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ስለማይከፈት ቀኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። አጠገቡ ያለው የውኃ መጫወቻ በ2017 ተከፍቷል፤ እዚያ የልጅዎን ባለሞተር ወንበር ውኃ እንዳይነካው። በባትሪ ፈንታ በታመቀ አየር የሚነዱ፣ ውኃ የማይጎዳቸው ወንበሮች አሉ። የሰውነት ድጋፋቸው ግን እንደ ራሷ ወንበር በልኳ የተሠራ ስላልሆነ፣ የደረትና የጭንቅላት መያዣ ይኖረው እንደሆነ ደውለው ሳይጠይቁ የመዋኛ ልብስ አያስለብሷት።