ልጄን አየሁት፣ ቃል ግን አጣሁ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአንድ ሱቅ ተቀጥሬ ሰዓት እጠግናለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሃያኛ ሳምንቷን ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ለአልትራሳውንድ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ሆዷ ላይ ቅባት ቀብተው መሣሪያውን ሲያንሸራትቱ በመጀመሪያ የሚታየኝ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የጀርባው አጥንት ወጣ፤ በክር እንደተሰካ ዶቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ እጁን ከፊቱ ላይ አንስቶ ጣቶቹን ዘረጋ። ልቡን ሲያሰሙን ፍጥነቱ አስደነገጠኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠን። ስንወጣ ባለቤቴ «ደስ አላለህም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ሳንነጋገር ሄድን። እሷ ቅር ብሏታል፤ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። በየወሩ እያስመረመርኳት ልጁን ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴ ግን «እግዚአብሔር የሸሸገውን አትግለጡ፣ ልጁን ይጎዳዋል» ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

ሰዓት ጠጋኙ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። አስቀድሜ የባለቤትህን ነገር ላንሳ፤ ከሁሉም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ወደ መርማሪው ነው። እናትየዋ በጀርባዋ ተጋድማ ጣሪያውን ታያለች፤ አንገቷን ብታዞርም የሚደርሳት ቁራጩ ነው። አጠገቧ የቆመው አባት ግን ያያል። ባለቤትህ የጠየቀችህ ስለ ደስታህ ብቻ አይመስለኝም፤ ያየኸውን እንድትነግራት ጭምር ነው። ለእኔ የጀርባውን አጥንት፣ የጣቶቹን መዘርጋት፣ የልቡን ፍጥነት ጽፈህልኛል። ደስ ያላለው ሰው እንዲህ አድርጎ አያይም። ይህንኑ ደብዳቤ ዛሬ ማታ አንብብላት።

በአዋላጅነት ሥራዬ ብዙ አባቶች አይቻለሁ። የሚያለቅስ አለ፤ የሚስቅ አለ፤ ክፉ ነገር እንዳይሰማ የሐኪሙን ፊት ብቻ እያየ የሚወጣም አለ። ዝም የሚለው ከማናቸውም አያንስም። እናት በማቅለሽለሹም በድካሙም ልጇን ከውስጥ ስታውቀው ትቆያለች። ለአንተ ግን እስከዚያች ቀን ወሬ ነበር። በአንድ ጊዜ ጣት ያለው ሰው ሆኖ ሲመጣብህ ብትደነግጥ ምን ይገርማል?

ስለ ልቡ አትጨነቅ። በማህፀን ያለ ልጅ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል፤ ሲያርፍ የእኔና የአንተ ከ60 እስከ 100 ነው። ሰከንድ ሲያዳምጥ ለሚውል ጆሮ ይህ በእርግጥ ሩጫ ነው። ጀርባውን መስጠቱም ምንም አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ 300 ግራም ገደማ ስለሚመዝን በሽርት ውሃው ውስጥ እንደ ልቡ ይገለባበጣል።

ወደ እናትህ ስጋት ልምጣ። አልትራሳውንድ እንደ ራጅ በጨረር አይሠራም፤ ጆሮአችን የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ገብቶ ሲመለስ ምስል ይሆናል። አጥንት ድምፁን አጥብቆ ስለሚመልስ ነጭ፣ የሽርት ውሃው ስለማይመልስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቅባቱ በመሣሪያውና በቆዳዋ መካከል አየር እንዳይገባ ነው። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ምርመራ ከጻፉ ወዲህ፣ በባለሙያ እጅ ለሕክምና የተደረገ ምርመራ ጽንስን እንደሚጎዳ ማረጋገጫ አልተገኘም። እናትህን ግን በዚህ አትሞግታቸው። ምርመራው የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ ያሳያል፤ የማህፀኑን አፍ ከሸፈነ በምጥ ጊዜ ብዙ ደም ይፈሳል፣ አስቀድሞ ከታወቀ ግን እናትም ልጅም ይተርፋሉ። ይህን ንገራቸው። በወሊድ የሞተች ሴት የሚያውቁ እናት ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

በየወሩ ይታይ የሚለውን ግን እኔ አልደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታዘዘው ሐኪሟ ምክንያት ሲያገኙ ነው። ለተጨማሪው ምርመራ ያሰብከውን ገንዘብ ለወሊድ ቀን ታክሲ አስቀምጠው። ክትትሉን ግን አታሳልፉ፤ ድርጅቱ በእርግዝናው ወቅት ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘትን ይመክራል። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ፤ በሌሊትም ቢሆን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተቀጥረህ ስለምትሠራ ይጠቅምሃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። አሠሪህን ከአሁኑ አነጋግረው።